ጆንያ የሌለው ሸቀጥ፦ የካርቦን ቶን ስንት ያወጣል? ማንስ ይካፈለዋል?

የገበያ ሰው ዕቃ ሳያይ ዋጋ አይጠራም። ቡና ከሆነ ናሙናውን ቀምሶ፣ ሰሊጥ ከሆነ ዘግኖ፣ ቤት ከሆነ ካርታውን አስመርምሮ ነው ወደ ድርድር የሚገባው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የስብሰባ አዳራሾች ስሙ የሚነሳው አንድ ሸቀጥ ግን አይዘገንም፣ አይቀመስም፣ ጆንያም የለውም። የሚሸጠው በቶን ነው፤ ቶኑ ግን በየትኛውም መጋዘን አይገኝም። ሻጩ «ከአየር ላይ አንሥቼ ዛፍ ውስጥ፣ አፈር ውስጥ ወይም ድንጋይ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ» ይላል። ገዢው የሚረከበው ወረቀት ነው። ይህን የሰማ የካዛንቺስ ደላላ «ዕቃው የታለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በዓለም ደረጃ በዚህ ንግድ ላይ የተነሳው ክርክር ሁሉ ተጨምቆ ሲታይም ከዚሁ ጥያቄ ብዙም አይርቅም።

ነገሩ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን ለማዞር የሚቸኩል አንባቢ ይኖራል። ሆኖም ከካዛንቺስ አጠገብ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢ ስለ ካርቦን ገበያ ሲመክር ዓመታት ተቆጥረዋል። ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ ከጳጉሜ 3 እስከ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተካሂዷል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ብራዚል ቤሌም ላይ እንደተወሰነው 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በ2020 ዓ.ም. የምታስተናግደው ኢትዮጵያ ናት። እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲቃረብ ከሚኒስትሮቹ ቀድመው የሚመጡት ውል የያዙ ገዢዎችና አማላጆች ናቸው። ስለዚህ የዕቃውን ዓይነት ከወዲሁ መለየት ይበጃል።

ሁለት ዕቃ በአንድ ስም

በገበያው «የካርቦን ክሬዲት» የሚባለው አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛው ሊወጣ የነበረ ጭስ እንዳይወጣ የተደረገበት ነው፤ ሊጨፈጨፍ የነበረ ደን ሳይጨፈጨፍ ሲቀር ማለት ነው። ሁለተኛው አየር ላይ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስወገድ ነው፤ በተራቆተ ተራራ ላይ ደን ሲበቅል፣ ወይም ማሽን አየሩን አጣርቶ ጋዙን ከመሬት በታች ሲቀብረው። ልዩነቱ ዕዳ አለመጨመርና ዕዳ መክፈል እንደሚለያዩት ያህል ነው።

የዓለም መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ የተጣራ ልቀትን ወደ ዜሮ ማውረድ ካስፈለገ ሁለተኛው መንገድ ሊታለፍ አይችልም ብሏል። ሲሚንቶ፣ አውሮፕላንና እርሻ ጭሳቸውን ሙሉ በሙሉ ሊያቆሙ ስለማይችሉ የቀረውን ማንሳት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የዘርፉ ዓለም አቀፍ ግምገማ መሠረት ሰው በየዓመቱ ከአየር የሚያስወግደው 2.2 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዛፍ የሚመጣ ሲሆን፣ አዳዲሶቹ ዘዴዎች ተደምረው 1.3 ሚሊዮን ቶን ብቻ ያነሳሉ። በአንጻሩ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ብቻ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ወደ አየር ይወጣል። ይኸው ግምገማ እስከ 2050 የሚፈለገውን ከ7 እስከ 9 ቢሊዮን ቶን ያደርሰዋል። ፍላጎቱና አቅርቦቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ነጋዴ ጆሮውን የሚያቆመው እንዲህ ያለ ክፍተት ሲያይ ነው።

ጭሱን ማን አወጣው የሚለው ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። አንድ አሜሪካዊ ከነዳጅና ከመሰሉ ምንጮች በዓመት ከ13 ቶን በላይ ሲያወጣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ከ0.2 ቶን በታች ነው። አስወጋጁ ደሃው፣ አውጪው ሀብታሙ ከሆነ፣ ዋጋው ላይ መጨቃጨቅ የደሃው መብት ነው።

ሁምቦ፦ አፍሪካ ቀድማ የሸጠችበት ተራራ

ለዚህ ሁሉ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ወረዳ አለ። ተራራው ለማገዶና ለከሰል ተመንጥሮ ለአሥርተ ዓመታት ራቁቱን ቆይቶ ነበር። ወርልድ ቪዥን ከዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ሲጀምር የተመረጠው ዘዴ ችግኝ በገፍ መትከል አልነበረም። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ ኒጀር ውስጥ ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ መሬት ውስጥ ሕይወቱ ያልጠፋውን ጉቶ ከከብትና ከመጥረቢያ ጠብቆ፣ ቅርንጫፉን እየገረዙ እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ። 2,728 ሔክታር ተከለለ፣ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቋሙ፣ ለማኅበራቱም በመሬቱ ላይ ሕጋዊ የተጠቃሚነት መብት ተሰጣቸው።

ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶ ስምምነት ሥርዓት ሲመዘገብ በአፍሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ካርቦን ፕሮጀክት ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያነሳል ተብሎ የተገመተ ሲሆን፣ ባዮካርቦን ፈንድ 165 ሺህ ቶኑን ለመግዛት ተዋዋለ። በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ከ73 ሺህ በላይ ክሬዲቶች ወጡ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ማኅበራቱ በአሥር ዓመት ያገኛሉ የተባለው ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አንዱ ቶን ከ4 ዶላር ጥቂት ከፍ ብሎ ተሸጠ ማለት ነው። ለሰባት ማኅበራትና ለአሥር ዓመት ሲካፈል ለአንድ ማኅበር በዓመት 10 ሺህ ዶላር ያህል ይደርሳል፤ በሔክታር ሲሰላ ደግሞ በዓመት 26 ዶላር ገደማ። ማኅበራቱ ከገቢው የእህል ወፍጮና መጋዘን ሠርተዋል። የተመለሰው ምንጭ፣ የቆመው ጎርፍ፣ ለከብት የሚታጨደው ሣር በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም፤ ገበሬው ተራራውን የሚጠብቀው ግን ከወረቀቱ ይልቅ ለእነርሱ ይመስለኛል።

ውል ለሚፈርም ሰው ትልቁ ትምህርት ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሁምቦ ክሬዲት «ጊዜያዊ» የሚባለው ዓይነት ነበር። ደን ሊቃጠል፣ ሊቆረጥ ስለሚችል ወረቀቱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ ቀኑ ሲደርስ ገዢው በሌላ ወረቀት መተካት አለበት። ያን ጊዜ ትልቁ ገዢ የነበረው የአውሮፓ የካርቦን ገበያ የደን ክሬዲትን ጭራሽ አልተቀበለም። ስለዚህ ከወላይታ የመጣው ዕቃ በር የከፈተለት ገዢ ከሞላ ጎደል አንድ ብቻ ነበር። አንድ ገዢ ባለበት ገበያ ዋጋ የሚተምነው ማን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያሻም።

ከአሥር ዓመት በኋላም ነገሩ እጅግ አልተለወጠም። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ገደማ በኦሮሚያ የደን መርሐ ግብር መነሻነት ከዓለም ባንክ ጋር የተፈረመው ውል 40 ሚሊዮን ዶላር ለ4 ሚሊዮን ቶን ነው፤ ቶኑ በ10 ዶላር። እዚህ በዋናነት የሚሸጠው የደን ጭፍጨፋን በመቀነስ የሚገኘው የመጀመሪያው ዓይነት ዕቃ ነው። ገንዘቡም ውጤቱ ከተለካና በሌላ ወገን ከተረጋገጠ በኋላ የሚከፈል እንጂ ቅድሚያ የሚሰጥ አይደለም። የክፍፍል ዕቅዱ ከፍተኛውን ድርሻ ደኑን ተጠግተው ለሚኖሩ ማኅበረሰቦች ይሰጣል።

ከ4 ዶላር እስከ 1,000 ዶላር

አይስላንድ ውስጥ ክላይምዎርክስ የተባለው የስዊስ ኩባንያ አየር የሚያጣሩ ማሽኖች ተክሏል። ጋዙን ካርብፊክስ የሚባል ሌላ ድርጅት ውኃ ውስጥ አሟምቶ ወደ ጥቁር ድንጋይ ንጣፍ ያስገባዋል፤ እዚያም ወደ ድንጋይ ይለወጣል። ቶኑ ወደ 1,000 ዶላር ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው «ማሞዝ» የተባለው ጣቢያ አቅም በዓመት 36 ሺህ ቶን ነው ተብሎ ነበር። የሁምቦ ተራራ ግምት ለ30 ዓመት ሲካፈል በዓመት 29 ሺህ ቶን ይመጣል። ጉቶ የጠበቁ ገበሬዎች የአውሮፓን ግዙፍ ማሽን በዕቅድ ደረጃ ሊስተካከሉት ጥቂት ነው የቀራቸው፤ በተግባር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡ ዘገባዎች እንዳሳዩት ማሽኑ ከተባለው አቅም እጅግ በታች ነው የሠራው።

ታዲያ አንዱ ቶን 4፣ ሌላው 1,000 የሚያወጣው ለምንድነው? ድንጋይ የሆነ ጋዝ ለሺህ ዓመታት አይመለስም፤ ዛፍ የሆነ ግን በአንድ ቀን እሳት ይመለሳል። ወደ ጉድጓዱ የገባው ጋዝ በቆጣሪ ይነበባል፤ የደኑ በግምት ነው። ግምቱ ላይ ደግሞ ብዙ ተሸፍጧል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ጋርዲያን ጋዜጣና አጋሮቹ፣ ቬራ የተባለው የዓለም ትልቁ መዝጋቢ ድርጅት ካረጋገጣቸው የዝናብ ደን ክሬዲቶች አብዛኞቹ እውነተኛ ቅነሳን አይወክሉም ብለው ጻፉ። ቬራ አስተባበለ፤ ዋጋው ግን ወደቀ። በዚያው ዓመት ዚምባብዌ ውስጥ ካሪባ በተባለው ታላቅ ፕሮጀክት ሳውዝ ፖል የተባለው የስዊስ ሻጭ እጁን አወጣ። በአንድ ሰው የተቀላቀለ ቡና ጠቅላላ የአገር ቡና ስም እንደሚያጠፋ ሁሉ፣ የካሪባ ጣጣ ምንም ላላጠፉትም ደርሷል።

በዚህ ረገድ እኛም ራሳችንን ብናይ አይከፋም። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የደን ትርጉም ሲሻሻል (ግማሽ ሔክታር፣ ሁለት ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን) ከዚያ በፊት ከ4 በመቶ በታች ሲባል የነበረው የአገሪቱ ደን ወደ 15.5 በመቶ ወጣ። ትርጉሙ ሳይንሳዊ መሠረት አለው፤ ቀርከሃውና ጥቅጥቅ ያለው ቁጥቋጦ መሬት መቆጠሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድም ዛፍ ሳይተከል አኃዝ ሊያድግ እንደሚችል ገዢው ያውቃል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ በቢሊዮን የሚቆጠር ችግኝ መተከሉ ይነገራል። ገዢው የሚከፍለው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ለቆመውና ለተለካው ቶን እንጂ ለተተከለው ችግኝ አይደለም። የተከላ ቀን አኃዝ በካርቦን ገበያ ዋጋ የለውም።

የፋግታ ለኮማ ከሰል

ከደንና ከማሽን መካከል ሌሎች መንገዶች አሉ። ለካዛንቺስ ማድ ቤት ቅርቡ ከሰል ነው።

አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ማንም ሳያስገድደው መሬቱን ደን አልብሶ ነበር። ዛፉ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዘር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩ ይታጨዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆንና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከዚያ እንደገና ይተከላል። ዛፉ ናይትሮጅን ስለሚያስቀር የደከመውን አሲዳማ አፈር ያግዛል። ደን ያበቀለው ዘመቻ ሳይሆን ገበያ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዝገት መሰል የፈንገስ በሽታ ማሳውን ፈጅቶታል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከል የሚያመጣውን አደጋ ገበሬው በኪሱ ከፍሏል።

ካርቦኑን በተመለከተ ግን የከሰል መጨረሻ ምድጃ ነው፤ ዛፉ ከአየር ያነሳው ተመልሶ ይጨሳል። ያው ከሰል ሳይነድ ተፈጭቶ አፈር ውስጥ ቢቀበር ባዮቻር ይባላል፤ ካርቦኑም ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር በዚህ መስክ ሠርተዋል፤ የቡና ገለባም ጥሬ ዕቃ ይሆናል። (ከሰል አዲስ አበባ የሚገባው በማዳበሪያ ከረጢት መሆኑ፣ ራሱ ማዳበሪያ ሊሆን ለሚችል ነገር፣ የሚያስፈግግ ነው።)

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። አንድ ቶን ካርቦን ሲቃጠል 3.67 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሰጥ፣ ከቆሻሻውና ከሚባክነው ሌላ አንድ ቶን ጥሩ ባዮቻር 2.5 ቶን ያህል ሊያስቆጥር ይችላል። ቶኑ በ100 ዶላር ቢሸጥ 250 ዶላር ነው፤ ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 37,500 ብር። ከረጢቱ 30 ኪሎ ቢይዝ ከ33 ከረጢት ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዱ ከረጢት ሲቀበር 1,125 ብር ያስገኛል ማለት ነው። አንባቢ በሰፈሩ ካለው የከሰል ዋጋ ጋር ያስተያየው። ከዚህ ላይ የመርማሪው፣ የመዝጋቢው፣ የላቦራቶሪውና የአማላጁ ክፍያ ገና አልተቀነሰም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰሉ የተቀበረበት የካዛንቺስ እናት ምን ታነድዳለች? በምትኩ ሌላ ደን ተቆርጦ ከመጣላት የተወገደው ቶን ሐሰት ነው። ሻጮች ይህን ጥያቄ አይወዱትም። በእኔ ግምት በኛ አገር ሁኔታ የሚያዋጣው ዲከረንሱን መቅበር ሳይሆን፣ ማንም የማያነደውን የቡና ገለባና የመሰለውን ተረፈ ምርት መጠቀም ነው።

ሌላው ዕድል ከእግራችን ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማ በአሲዳማነት የተጠቃ ነው፤ መድኃኒቱ ኖራ ቢሆንም ኖራ ከባድ ነው፣ ማጓጓዣው ውድ ነው፣ አሲዳማ አፈር ሲገናኘውም ከውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊወጣ ይችላል። በደቃቁ የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ እየሟሟ አሲዱን ያበርዳል፣ ከአየርም ጋዙን ይወስዳል። ማቲ ካርቦን የተባለው ድርጅት ከአነስተኛ ገበሬዎች ጋር ይህንኑ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2025 የኤክስፕራይዝን የ50 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አሸንፏል። የኢትዮጵያ ደጋ በአብዛኛው በዚሁ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ጠጠር መፍጫ ያላቸው ባለሀብቶች ብናኛቸውን በሌላ ዓይን ሊያዩት ይችላሉ። ችግሩ ልኬቱ ነው፤ ድንጋዩ በየአፈሩና በየዝናቡ ልክ ስለሚሟሟ የሕንድ ቁጥር ለጎጃም አይሠራም። ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጅ የማሳ ምርምር ሳይደረግ የሚፈረም ውል ጨለማ ውስጥ እንደ መግዛት ነው። ለምርምሩ የሚወጣው ገንዘብ ለድርጅት ማስታወቂያ ከሚወጣው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ማሽኑን በተመለከተ በአጭሩ፦ ኬንያ ውስጥ ኦክታቪያ የተባለ ኩባንያ በስምጥ ሸለቆ መሞከር ጀምሯል፤ እኛም እንፋሎቱም ድንጋዩም አለን። ነገር ግን አንድ ቶን በማሽን ለማንሳት ሙቀቱን ጨምሮ ሁለት ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይበላል። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት በሌለበት አገር የውጭ አየር ማጠቢያ ከመሆን በፊት ዋጋው በጣም መወደድ አለበት።

ማን ይካፈል?

ርካሹን ቶን ለውጭ ሸጦ ውዱን ለራስ ማስቀረት በፓሪስ ስምምነት ሥር ያለ ወጥመድ ነው። በአንቀጽ 6 ደንብ አንድ ቶን ለሌላ አገር ግዴታ ከተሸጠ ሻጯ አገር ከራሷ መዝገብ ትሰርዘዋለች። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. ባሻሻለችው ዕቅድ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ልቀቷን ከሚጠበቀው በ68.8 በመቶ እንደምትቀንስ ገልጻለች፤ በራሷ አቅም የምታደርገው 14 በመቶው ብቻ ሲሆን ቀሪው በውጭ ድጋፍ የተመሠረተ ነው። ዛሬ ጉቶ በመጠበቅ የሚገኘው የ10 ዶላር ቶን ሁሉ ከተሸጠ፣ ነገ ለራሳችን ግዴታ የሚቀረው የመቶ ዶላሩ ነው።

የክፍፍሉን ነገር ጎረቤት በሕግ አስቀምጣዋለች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ባሻሻለችው ሕግ በመሬት ላይ የተመሠረተ የካርቦን ፕሮጀክት ከዓመታዊ ገቢው ቢያንስ 40 በመቶ ለማኅበረሰቡ ይሰጣል። በኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ባለቤትነትን ለይቷል። የመቶኛ ቁጥር በሕግ ሲጻፍ ማኅበረሰቡ ብቻ ሳይሆን ባለሀብቱም ያርፋል፤ ዛሬ ያልተጻፈ ድርሻ ነገ በደብዳቤ ይቆረጣልና።

ኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ከግብይት ወለሉ እኩል የተሠራው የናሙና ቀማሹና የመጋዘኑ ሥርዓት ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የተከፈተው የሰነዶች ገበያም የሚያገበያየው የተመረመረ ሒሳብ ያለውን ድርጅት ነው። ካርቦን በአገር ውስጥ ይገበያይ ከተባለ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀማሹ ነው፤ ከወንዶ ገነትና ከመሰሉ ተቋማት የወጡ፣ ቶን የሚለኩና ለፊርማቸው የሚጠየቁ ባለሙያዎች። ዛሬ መርማሪው በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፤ አበሉ በዶላር ነው፤ ትንሽ ማኅበር ይህን ሊችለው አይችልም።

እስከዚያው ውል ይዞ ለሚመጣ አማላጅ የካዛንቺስ ሰው ሊያነሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ዕቃው ማስወገድ ነው ወይስ መቀነስ? ደኑ ቢቃጠል የሚተካው ማን ነው? ዋጋው ለ30 ዓመት የታሰረ ነው ወይስ ከገበያው ጋር ይወጣል? ገዢው በራሱ አገር ቶኑን ስንት አድርጎ ይሸጠዋል? አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያሻሻጠ ደላላ ሁለት በመቶ ይወስዳል፤ ገዢም ሻጭም ያውቀዋል። በካርቦን ውል ግን በገበሬውና በመጨረሻው ገዢ መካከል ያለው ሰው የሚወስደው ስንት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም።